የበጀቱ የመጨረሻ ቀን

የሒሳብ ሹሙ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ሲሯሯጡ ከፊቱ የተቀመጠችው ሴት ጥቁር ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። ሰኔ ሠላሳ ነበር፤ ለዋጫ ከተማ የማር ማኅበር የተፈቀደው የመንግሥት ማነቃቂያ ገንዘብ ዛሬ ካልተለቀቀ ተመላሽ ሊሆን ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የነበረው ባሏ ወደዚህ ወደ ቦንጋ ቢሮ እየተመላለሰ ሲከታተለው ኖሮ ሞተ። አርባው ሳይወጣ በእሱ ቦታ እሷ መጣች።

«እትዬ፣ ገባ! የማኅበሩ ሒሳብ ውስጥ ነው» አላት ሹሙ ፊቱ በርቶ።

ከወንበሯ ተነሳች። እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ አብራት የመጣችው የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ አፏን በመዳፏ ከደነችባት። «አንቺ! ሐዘንተኛ ነሽ እኮ። ሰው ምን ይላል?»

የጓደኛዋን እጅ ቀስ አድርጋ አነሳችው።

«ታዲያ እሱ በምን ይስማ?» አለችና ቢሮውን በእልልታ ሞላችው።