የግራው ወይስ የቀኙ

«ኧረ አንድ ናቸው!» አለ ባሏ፣ ብሩሹን እያወዛወዘ። «አንዱን ቀለም በሁለት ቆርቆሮ ሸጠውልሽ ነው እንጂ!»

እሷ ግን ግድግዳው ላይ የቀባቻቸውን ሁለት ምልክቶች ከማየት አልተመለሰችም። ሁለቱም ፈዘዝ ያሉ ውሃ ሰማያዊ ናቸው፤ የግራው ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ የቀኙ ወደ ወይን ጠጅ። ክፍሉ የእናቷ ነው። እናቷ የአንድ ዓይናቸው ሞራ ተገፎ፣ ፋሻው የተነሳላቸው ዛሬ ጠዋት ነው። ሳሎን ጋደም ብለው ነበር፤ ጭቅጭቁን ሰምተው መጡ።

«እማዬ፣ ተኚ እንጂ!»

ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ስንት ዓመት ሙሉ ምንም ቢያሳዩአቸው «ቆንጆ ነው» ብለው የሚያልፉ ሴት ናቸው። ቀይ ቢሆን ቆንጆ ነው፣ ጥቁር ቢሆን ቆንጆ ነው። አሁንም ያንኑ ጠበቀች።

«የግራው ወደ አረንጓዴ አላለም?» አሉ እናት።

ብሩሹ ከአማቻቸው እጅ ሊያመልጥ ለጥቂት ተረፈ። «እማማ፣ እየቀለዱ ነው?»

እናት የዳነውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከለሉ።

«እንዳትነኪው!» ብላ ጮኸች ልጃቸው።

«አልነካሁትም ባክሽ! እንዲህ ሳይ ሁለቱም ሻይ የተደፋበት ጨርቅ ይመስላሉ።» መዳፋቸውን ወደ ሌላው ዓይን አዞሩ። «እንዲህ ሳይ ግን... ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!»

ከለል ገለጥ፣ ከለል ገለጥ እያደረጉ እንደ ሕፃን ተንከተከቱ። መጋረጃውን ገልጠው ሰማይ አዩ። የአማቻቸውን ሸሚዝ ጫፍ ይዘው ጎተቱ፤ «ይሄ ግራጫ አልነበረም እንዴ?»

«ከተገዛ ጀምሮ ሰማያዊ ነው፣ እማማ» አለ፣ እሱም ሳቁ አላስወራ ብሎት።

«እሺ፣ የቱን እንቀባልሽ?» አለች ልጃቸው።

«አታጣድፊኝ! ዛሬስ እኔ ነኝ የምመርጠው።»

ከግድግዳው ዞረው ሲያዩአት የልጃቸው ጉንጭ በቀለም ተነክቷል። አገጯን ያዙና ወደ መስኮቱ ብርሃን መለስ አደረጓት።

«ጉንጭሽ ላይ ያለው የቀኙ ነው» አሉ። «እሱን ቀቡልኝ።»

አገጯን ግን አልለቀቁም። ዓይናቸው ከቀለሙ ተነስቶ ወደ ቅንድቧ ወጣ፣ ዓይኗ ሥር ወዳሉት፣ እስከ ዛሬ ወዳላዩአቸው ቀጫጭን መስመሮች ወረደ፣ እዚያው ቆየ። ልጅቷ ቀለሙ ጉንጯ ላይ እየደረቀ፣ ሳትንቀሳቀስ ቆመችላቸው።