በንጂካም አካል የዋለው እንግዳ

ወደ ካሜሩኗ ፉምባን ከተማ አገር ጎብኚ በአካል መምጣት ካቆመ ቆይቷል። ቤቱ ተቀምጦ የአስጎብኚውን አካል ለአንድ ቀን ተከራይቶ በእሱ ውስጥ ሆኖ ይጎበኛል፤ አስጎብኚው አመሻሽ ላይ ሲነቃ የዋለበትን አያስታውስም።

አስጎብኚው ንጂካም ከጥንቱ ቤተ መንግሥት እግሩን እየጎተተ ሲመለስ ሚስቱ ማሪያማ በር ላይ ጠበቀችው።

«እናትህ ዛሬ ከገጠር መጥተው ሥራህ ቦታ አገኙህ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አያትህ ስትጠይቃቸው ዋልክ አሉ። ‹ልጄ እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም› እያሉ በደስታ አልቅሰው ሄዱ። የጠየቃቸው እንግዳው መሆኑን አልነገርኳቸውም።»

ንጂካም ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ቆይቶ እናቱ ጋ ደወለ።

«እማ፣ የአያቴን ታሪክ እስቲ እንደገና ንገሪኝ።»

«ደክሞኛል ልጄ» አሉ እናቱ። «ደግሞስ ምን ቀረህ? ሁሉንም ነግሬህ የለ?»