የመርቭና የዶት ጎረቤቶች

ባለካምፐር ሁሉ ከመኪናው ጀርባ የራሱንና የሚስቱን ስም ያስጽፋል፤ ሮስ ግን እምቢ አለ። ጡረታ ወጥቶ አልጋና ምድጃ ያላትን ካምፐር በገዛ ሰሞን ሚስቱ ኖሊን «እኛም እናስጽፍ እንጂ» ብትለው፣ «እኔ አውቶቡስ ነኝ እንዴ?» ብሎ አሳቃት። ስለዚህ በየደረሱበት ስማቸውን መናገር ያለባቸው እነሱ ብቻ ነበሩ። ሌላው መጥቶ ሲቆም ጎረቤቱ ጀርባውን ያነብና በስሙ ይጠራዋል፤ በዚያው ወዳጅነት ይጀመራል።

ሮስ ልቡን ታሞ ከሞት አፋፍ ከተመለሰ ብዙም አልቆየም። ሐኪሙ ድካምና ድንጋጤ ከልክሎታል። ኖሊን ከዚያ ወዲህ እንደ ሕፃን ነበር የምትጠብቀው። «የኮዚዮስኮን ተራራ አንድ ጊዜ ልየውና ከዚያ የፈለገው ይምጣ» እያለ ቢነዘንዛት፣ እየተቆጣችም ቢሆን ተራራው ወዳለበት ፓርክ ይዛው መጣች። ብርዱ ስለገባ የካምፑ ሜዳ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ትልቅ ካምፐር መጥታ ከአጠገባቸው ቆመች። ጀርባዋ ላይ በቀይ ቀለም «መርቭና ዶት» ተብሎ ተጽፏል።

«መርቭ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለ ሮስ። «በዚህ ዘመንም መርቭ የሚባል ሰው አለ? እኔ እኮ አልቀዋል ብዬ ነበር።»

ሰውየው ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ። «የአያቴ ስም ነው» አለ። አምሳ ቢሞላው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ የጣቶቹ አንጓ የተላላጠ። ኖሊን እጁን ስታይ አይቶ «ጎማ ስቀይር ነው» አላት።

የካምፐሯን ጥላ መዘርጊያ ዘንግ ፍለጋ የመኪናውን ሳጥን ሁሉ ገለባበጠ። «ዶት ናት ዕቃ የምትደብቀው» እያለ አማረረ። ኖሊን ደግሞ «ዶት፣ ሻይ ልቅዳልሽ?» ብላ ደጋግማ ብትጠራት ሴትዮዋ ዞር አላለችም። በመጨረሻ ደንገጥ ብላ «አንዱ ጆሮዬ አይሰማም» አለች። ኖሊን አዘነችላት።

ረፋዱ ላይ የፓርኩ ጠባቂ መጣች። ወጣት ናት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማንም ከዚህ እንዳይንቀሳቀስ» አለች። «ታች ወንዙ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ሬሳ ታይቷል። ጭንቅላቷን በድንጋይ ነው የፈጠፈጧት። ማን እንደሆነች ገና አልታወቀም። በደም የተለወሰ አንድ ሰውም ጫካው ውስጥ ሲሮጥ አይተውታል። ፖሊስ እስኪደርስ የታችኛውን በር ዘግተነዋል።»

መርቭ ተቆጣ። «ነፍሰ ገዳይ በሚዞርበት ሚስቴን ይዤ ልቀመጥ? በሩን ክፈቺልንና እንሂድ።»

«መንገድ ላይ ቢጠብቃችሁስ? አራታችሁም እዚሁ ብትሰበሰቡ ይሻላል» ብላ ወደ በሩ ተመለሰች።

ኖሊን የድንኳን ካስማ መምቻውን ትልቅ መዶሻ አውጥታ ከወንበሯ ሥር አስቀመጠች።

«ይሄ ደግሞ ለምንድነው?» አለ ሮስ።

«የመጣውን ልልበት።»

«ማታ ሳንኮራፋ ግን ከአጠገብሽ አርቂልኝ።»

ሳቀች፤ ግን ፈርታለች። ለራሷ አይደለም። አንድ ድንጋጤ ቢመጣ ባሏ ከልቡ ጋር ይሄድባታል።

አስር ሰዓት ሲሆን እንደ ባለካምፐር ደንብ አራቱም ወንበራቸውንና ቢራቸውን ይዘው ሜዳው ላይ ተቀመጡ። የጫካው ሰው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ከባሕር ዛፎቹ መሃል ወጣ። ነጭ ጺሙ በደም ተጣብቋል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ በእጁ ወፍራም ቅርንጫፍ ይዟል። ማንንም ሳያናግር መርቭ ላይ ወረደበት። ቅርንጫፉ ትከሻው ላይ አርፎ ለሁለት ተሰበረ። ከነወንበሩ ተያይዘው ወደቁ። ሽማግሌው የመርቭን ጉሮሮ በሁለት እጁ አንቆ ያጓራል፤ አፉ በደም ስለተሞላ የሚለው አይለይም።

ሮስ ሊገላግል ገባ። የሽማግሌው ክርን ደረቱን መታው። ተንገዳግዶ ወደቀና እጁን ልቡ ላይ ጫነ።

«በይው እንጂ! ምን ቆመሽ ታያለሽ!» ብላ ዶት ጮኸች።

ኖሊን የታያት ባሏ ብቻ ነበር። መዶሻውን አንስታ የሰውየውን ጭንቅላት ከኋላው መታችው። እጁን አልለቀቀም። ደገመችው። በሁለተኛው ምት አጥንት ሲደረመስ መዳፏ ድረስ ተሰማት፤ ሽማግሌው በጎኑ ተደፋ።

መርቭ እያሳለ ተነሳና የወደቀውን ሰው ፊቱን በጫማው ረገጠው። ሊደግመው ሲል ኖሊን መሃል ገባች።

«ተው፣ ይበቃል። ወድቋል እኮ።»

«እሺ፤ እኛ ወርደን ለጠባቂዋ እንንገራት» አለ መርቭ። «በሩን ትክፈትልንና ፖሊስ ይዘን እንመጣለን።» ዶት ቀድማው ገብታ ነበር። ወንበራቸውን እንኳ ሳያነሱ ካምፐሯ ቁልቁል ከነፈች።

ሮስ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ፊቱ ገርጥቷል፤ ትንፋሹ ግን ተመልሷል። «ደህና ነኝ ኖሊ። አለሁልሽ» አላት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ባሏን አትርፋለች፤ የሰውንም ባል አትርፋለች።

ሽማግሌው ገና ይተነፍሳል። ምንም ክፉ ቢሆን ብቻውን አይሙት ብላ ሄዳ ተንበረከከች። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፎጣ አርጥባ፣ ከአፉ ደሙን ጠረገችለት።

«ምን አድርገንህ ነው?» አለችው ዝግ ብላ። «አናውቅህ፣ አታውቀን።»

ደህነኛውን ዓይኑን ገለጠ። ለጥቂት ጊዜ ፊቷን አየው።

«ዶትዬን ከወንዙ አወጣችሁልኝ?» አላት።