የናጅዋ ብስኩት

ዓቢዳ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗል፤ እናቷ አልተነገራትም።

አራት ዓመቷ ነበር። ግንቦት መግቢያ ላይ ትኩሳት ያዛት፤ በሦስተኛው ቀን መርሳ ከተማ ተቀበረች። እናቷ ናጅዋ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ደግፎ የሚይዛት ዘመድ በሌለበት አገር ብቻዋን እንዴት ትስማው? ሽማግሌዎቹ ለቅሶው ላይ ተመካክረው ቆረጡ። ኮንትራቷ ጥር ላይ ያልቃል፤ ስትመጣ እዚያው አቅራቢያ ግራና፣ እናቷ ቤት ትገባለች፤ በማለዳ ተሰብስበው ያረዷታል። እስከዚያ የሁሉም አፍ ተለጎመ። ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ እንኳ እንዳይወጣ ለወጣቶቹ ተነገራቸው።

መዋሸቱ በባሏ በኢዘዲን ላይ ወደቀ።

ኢዘዲን ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። መርሳ መናኸሪያው አጠገብ፣ የሃብተ ዳቦ ቤት ውስጥ ይጋግራል። መጀመሪያ ሰሞን ናጅዋ በደወለች ቁጥር ላብ ያጠምቀው ነበር። ዓቢዳን አቅርባት ስትለው አያቷ ጋ ግራና ሄዳለች ይላታል። በማግስቱ ተኝታለች። በሦስተኛው ቀን ኔትወርክ የለም።

ሰኔ ላይ ናጅዋ ዐሥር ቀን ጠፋች። ስትመለስ ስልኬ ወድቆ ተሰብሮ ነው አለች። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ጉንፋን ነው አለችው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን አቅርባት ብላው አታውቅም።

መጀመሪያ አላህን አመሰገነ። እየቆየ ግን ነገሩ ይከነክነው ጀመር። እናት ሆና እንዴት የልጇን ድምፅ ሳትጠይቅ ትከርማለች?

ጠባይዋም ተለወጠ። ድሮ ቃል በስንት ልመና የሚወጣት ሴት፣ አሁን በየቀኑ ድምፅዋን እየቀዳች ትልክለታለች። ተራራው በረዶ ለበሰ። የማዳም ልጆች ቀይ ቆብ አጠለቁልኝ ትለዋለች። “ኢዙ፣ ዛፍ ቆርጠው ሳሎን አስገብተው መብራት አልብሰውታል። እኛ አገር ዛፍ ቤት የሚገባው ሊማገድ ነው” ብላ ብቻዋን ትስቃለች። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለቻት፦ “በልተሃል? እንዳትዋሸኝ።”

ጥቅምት ላይ ከቤይሩት በተመለሰች ልጅ እጅ ዕቃ ላከች። ለእሱ ሹራብ፣ ለእናቷ ሻርፕ። ለልጇ ካልሲ እንኳ የለበትም። እናቷ ሀጂራ ሻንጣውን ገልብጠው ፈተሹ።

“ልጄን እዚያ ለውጠውብኛል” አሉ። “እንኳን ሞታ፣ በሕይወት ብትኖርም ትረሳት ነበር።”

ኢዘዲን ሥራ በዝቶባት ነው፣ እንዲህ አይበሉ እማ አላቸው። እሱም ግን ያለውን አላመነበትም።

ታኅሣሥ አሥራ አምስት ቀን መልእክት መጣ። ነገ እዚህ ገና ነው፤ እኔና ማዳም ብስኩት እንጋግራለን፤ አንተም በዚያው ሰዓት ጋግር፣ አብረን እንደበላን ይቆጠራል አለች። ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ እንቁላሉን፣ ስኳሩን፣ ቀረፋና የደረቀ ዝንጅብሉን በየልኩ ነገረችው።

ኢዘዲን ስልኩን ዱቄት ጆንያው ላይ ወረወረው። ልጁ አፈር ለብሳለች፤ እናቷ ስለ ቀረፋ ታወራለች። ያን ጊዜ ቆረጠ። ነገ ብስኩቱን ጋግሮ ፎቶ ይልክላታል፤ ከፎቶው ጋር እውነቱን ይነግራታል። ሽማግሌ ይቀየም፣ አማት ትርገም። የረሳ ሰው በስልክ ቢረዳ ምን ይጎዳዋል?

በማግስቱ የከሰዓቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ ምድጃው ገና እንደጋለ ነበር። ሃብተ ሊጡን አይቶ ሳቀ።

“የእነሱ ገና ከእኛው በሁለት ሳምንት ይቀድማል። ምን አስቸኮላቸው?” አለ። “አንተ እስላም፣ በዓሉ የነሱ፣ ምድጃው የኔ። ኃጢአቱን ማን ይሸከም?”

“ናጅዋ” አለ ኢዘዲን።

ሊጡን ዳምጦ በብርጭቆ አፍ ቆረጠው። የመጀመሪያው ትሪ ጠርዙ አረረ። ሁለተኛው ሲወጣ ሽታው መንገድ ድረስ ዘለቀ። ሃብተ ጾም ላይ ስለሆነ፣ ቅቤ አለበት ብሎ በአፍንጫው ብቻ በዓሉን አከበረ። ኢዘዲን አንድ ቀመሰ። ሁለተኛውን አነሳ። ሃብተ ዞር ብሎ ሲያየው ስድስተኛው ላይ ደርሶ ነበር።

“እሰይ” አለ ሃብተ ቀስ ብሎ። “ከግንቦት ወዲህ ስትበላ ሳይህ ዛሬ ገና ነው።”

ኢዘዲን አፈረ። አፉን ጠርጎ ትሪውን ፎቶ አንስቶ ላከላት። ከዚያ ድምፅ መቅጃውን ተጫነ።

“ናጅዋ” አለ።

ሃብተ መጥረጊያውን እንደያዘ ቆመ።

“ናጅዋ... እኔ ስድስት በላሁ። ዓቢዳ ደግሞ ሁለት በላች። አንዱን ለአያቴ ብላ ደበቀች።”

ላከው። ሃብተ ወደ መጥረጉ ተመለሰ። ኢዘዲን በራሱ ተናደደ፤ አሁንም አቃተው። ጥር ድረስ እንዲሁ ሊዋሽ ነው።

ናጅዋ ሰማችው። ድምፅ እየቀዳች መሆኗን ስልኩ አሳየ፤ አቆመች፤ እንደገና ጀመረች። ሃብተ መስኮቶቹን ዘግቶ ሄደ። የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ሲል መልሷ ገባ።

ኢዘዲን በዚያ ቀን መጨረሻ ያደረገው ነገር መልእክቱን መክፈት ነበር፦ “እንኳን በላህልኝ ኢዙ፤ የተረፈውን ለመድረሳ ልጆች በዓቢዳ ስም ሰደቃ ስጥልኝ፣ እኔም እዚህ ለነፍሷ ሳወጣ ይኸው ሰባተኛ ወር ሆነኝ።”