ሽፋን ሰባሪው ክኒን

"መጀመሪያ ሁለቱን ነጫጭ፣ በባዶ ሆድ" ይላል ሃርላን፣ ክኒኖቹን ልጁ መዳፍ ላይ እያስቀመጠ። "ሽፋኑን ይሰብሩልሻል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ገዳዩን ትውጫለሽ።"

ዊላ መዳፏን አትጨብጥም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአልጋዋ እስከ ኩሽናው ጠረጴዛ የመጣችው ግን ግድግዳ ይዛ ነው። መዥገር ነክሷት ላይም የሚባለው በሽታ ከያዛት ሰባት ዓመት ሆነ።

"አባዬ፣ ዛሬ አልውጥም።"

"ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" ይልና በራሱ ጥያቄ ያፍራል። ያላመማት ቀን የታለና!

"ነገም አልውጥም። በቃኝ።"

ሃርላን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ዕድሜ ልኩን በአሜሪካዋ ኮነቲከት ጫካዎች ውስጥ የፈረሰ ካብ ሲክብ የኖረ ሰው ነው፤ ከመጽሐፍ ጋር ትውውቅ አልነበረውም። ዛሬ ስለ ባክቴሪያ ጠይቁት፣ ቁጭ አድርጎ ያስተምራችኋል። ተህዋሲው ዝልግልግ ሽፋን ይሠራል፣ እዚያ ውስጥ ይሸሸጋል፣ መድኃኒቱ እስኪያልፍ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃል። ስለዚህ በፊት ቤቱን ማፍረስ፣ ከዚያ ባለቤቱን መግደል። በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ እንዲህ መሆኑን አንብቧል፤ በልጁ ገላ ውስጥም እንዲሁ ነው ብሎ ይምላል።

"ተደብቆ ነው እንጂ አለ። አሁን ብናቆም ይነሳብናል።"

"ሐኪሟ ተህዋሲው የለም አለችህ እኮ። ሄዷል። እኔ ጋ የቀረው ያበላሸው ነገር ነው። ክኒኑ ሆዴን ከማቃጠል በቀር ምን ፈየደልኝ?"

"እሷ ምን ታውቃለች! እሷ ናት የምታስታምምሽ? ደግሞ ከሌለማ..." ይልና ክኒኖቹን ያያል።

ከሌለማ የሚገድለው የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእሱ መሆኑን ልቡ ያውቃል። ያን ቀን፣ መዥገሩን አንገቷ ላይ ያየ ቀን፣ በወረንጦ ነቅሎ እንደ መጣል፣ አባቱ እንዳስተማረው ክብሪት ለኩሶ አስጠጋበት። መዥገር ሲቃጠል የሆዱን ወደ ነከሰው ሰው ሊተፋ እንደሚችል ያነበበው ዓመት ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

"ክብሪቱ ነው አይደል?" ትላለች ዊላ ቀስ ብላ።

ሃርላን ቀና ይላል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

"አስታውሳለሁ እኮ። እንዳታቃጥለኝ ፈርተህ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር።" ክኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ትመልሳቸዋለች። "ሁለት ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ላንተ ስል ነው አባዬ። ከእንግዲህ አቅም የለኝም።"

ሃርላን ያለቅሳል፤ ድምፅ የለውም፣ ጢሙ ብቻ ይርሳል። ይቅርታ ሊላት ይፈልጋል፣ ከየት ይጀምር?

"ፀሐይ ወጥታለች" ትላለች ቆይታ። "በረንዳው ላይ ልቀመጥ። ጫማዬን እሰርልኝ፣ ጣቶቼ እምቢ ብለውኛል።"

ይንበረከካል። አንዱን ያስራል፣ ሌላውንም ያስራል። አስሮ ከጨረሰ በኋላም ሁለት እጆቹን ጫማዎቿ ላይ እንዳደረገ፣ አንገቱን ደፍቶ እዚያው ይቆያል። እሷም ተነስ አትለውም።