ለሰሌዳው ስታስተምር የኖረችው መምህርት

"ቀና ብለው ይንገሩኝ።"

ፈታኟ ቃላቷን ረገጥ ረገጥ እያደረገች ይህን ስትላት ሁለተኛ ጊዜዋ ነው...

መምህርቷ ደሟ ፈላ። በልጇ ዕድሜ ያለች ሴት ናት እኮ። እኔ ብሆን ፋይሌን ሰብስቤ ውልቅ እል ነበር።

እሷ ግን ዋጥ አደረገችው። ቦታውን ትፈልገዋለች።

ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምራለች። ጡረታዋ አራት ዓመት ሲቀረው፣ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራን የሚሰጠውን ስልጠና ለመግባት ልትፈተን ነው የመጣችው...

"በዚህ ዕድሜዎ ለምን?"

"አንዲት ተማሪ ነበረችኝ... ፊት ወንበር ተቀምጣ አፍ አፌን ታያለች። እኔ ደግሞ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው የማወራው። ዞር ስል ደብተሯ ባዶ ነው። ሰነፍ አልኳት። እናቷን አስጠርቼ 'ከንቱ ልፋት ነው፣ ቤት ትዋልልዎት' አልኳቸው..."

አንገቷን ደፋች።

"እባክዎ፣ ቀና ብለው..."

"ጆሮዋ እንደማይሰማ ያወቅኩት ትምህርቷን ትታ ከሄደች በኋላ ነው። ለካ የምትማረው ከከንፈሬ ኖሯል። ቤታቸው ድረስ ሄድኩ፣ ለቀዋል። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ እሷን የምትመስል ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል። ትናፍቀኛለች። አንድ ቀን እንኳ ፊቴን አዙሬ ባስተምራት..."

ፈታኟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ቀና ይበሉ የምልዎት ንቄዎት አይደለም... አልሰማም። ከንፈርዎን እያነበብኩ ነው።"

መምህርቷ ብድግ አለች።

"ልጄ... አንቺ ነሽ?"

(አዎ ትላለች ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል? እኔም።)

"አይደለሁም። እኔን ከክፍል ያስወጣችኝ ሌላ መምህርት ናት..."

ፈታኟ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች።

"ግን ሁሌ አስባለሁ... አንድ ቀን ፈልጋኝ ታውቅ ይሆን እያልኩ። ዛሬ እርስዎን ሳይ፣ ፈልጋኝ ይሆናል አልኩ።"

ሁለቱም አለቀሱ።

ፈታኟ ቅጹ ላይ ፈረመችና "ሰኞ ይጀምራሉ። ክፍል ሲገቡ ግን..." አለቻት።

"አውቃለሁ" አለች መምህርቷ፣ ቀና ብላ። "መጀመሪያ እጽፋለሁ። ከዚያ ዞሬ አወራለሁ።"

ወዳጆቼ... የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋም የማይረሳ አለ ለካ።

የበደልነውን ሰው ሁሌ አናገኘውም። ለእሱ ያልሆንለትን ግን ለሚቀጥለው መሆን እንችላለን።

እናንተስ... ሰነፍ ያላችሁት፣ ኋላ ላይ ግን ያልተረዳችሁት እናንተ እንደሆናችሁ የገባችሁ ሰው አለ? ዛሬ ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉለት... ማን ያውቃል፣ ያነበው ይሆናል።