የእጅጌው ዓርማ

«ዝም ብለሽ ቁሚ፤ እወጋሻለሁ።»

«ገና ሳልዘምት በአባቴ እጅ ቆሰልኩ ልበላቸው?» አለች ልጃቸው እየሳቀች። የወታደር ጃኬቷን እንደ ለበሰች በልብስ ስፌት ቤቱ መካከል ቆማለች። አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጠዋት የታደላትን አገሯ የገባችበትን የጦር ኪዳን ዓርማ በእጅጌዋ ላይ ይሰፋሉ። ሊወስዳት ደጅ የቆመው የጦር መኪና ሞተሩን አላጠፋም።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሁሉ ለሠራዊቱ ሲሰፉ ኖረዋል። መንግሥታት ኪዳን በገቡ ቁጥር ዓርማ ሰፍተዋል፤ በተጣሉ ቁጥር ተርትረው አንሥተዋል። ስለዚህ ዓርማ ሲሰፉ ክሩን አያጠብቁም፤ የተነሣ ዕለት ጨርቁ እንዳይጎዳ ነው። ዛሬም እጃቸው የለመደውን ሠራ።

ልጅቱ የዓርማውን ጠርዝ በጣቷ ሳብ ብታደርገው ተላቀቀ።

«አባዬ፣ ይኼማ እዚያ ሳልደርስ ይረግፋል!»

«ኪዳኑስ ከዚያ በላይ የሚቆይ መሰለሽ?» የማይታጠፈውን እግራቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «ይህን እግሬን በጥይት ሽባ ያደረጉት እነዚሁ ዛሬ ኪዳን የገባንላቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ ደግሞ ተወረሩ፤ በእነሱ ላይ የመጣ በሁላችን ላይ እንደ መጣ ይቆጠራል ተባለና አንቺ ትሄጂላቸዋለሽ።»

«እኔ ቁስለኛ ላነሣ ነው የምሄደው። የማንም ይሁን፣ ቁስለኛ ቁስለኛ ነው።»

«አፍሽስ የእናትሽ ነው።»

ልጅቱ አልሳቀችም። «አባዬ፣ በጭሱ መካከል ስሮጥ የእነሱ ወታደር ፊቴን አያውቀውም፤ ቋንቋዬንም አይሰማም። የሚያየው ይህችን ጨርቅ ነው። ካላያት ይተኩሳል።»

መርፌው አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው ያን ወታደር አወቁት። እሳቸውም በወጣትነታቸው ጣታቸውን ቃታ ላይ አድርገው፣ በፍርሃት ጭስ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ይጠባበቁ ነበር።

መኪናው ጡሩንባውን ነፋ።

«ይጠብቃ!» አሉ ወደ በሩ ሳይመለከቱ። መቀሳቸውን አንሥተው የሰፉትን በሙሉ ተረተሩት። ለካፖርት አዝራር ብቻ የሚያወጡትን ወፍራም ክር ደርበው በመርፌው አሳለፉ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ስፌት እየሳቡ፣ እያጠበቁ፣ ዓርማውን ዙሪያውን ደግመው ዞሩት።

«ኧረ አባዬ፣ ስመለስ በምን ሊነሣ ነው?»

«አንቺ ብቻ ተመለሺ፤ እጅጌውን ቆርጠን እንጥለዋለን።»

መቀሱ ጭናቸው ላይ ነበር፤ አልነኩትም። ወደ እጅጌዋ ጠጋ ብለው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ግንባራቸው ግን ከልጃቸው ክንድ ላይ ሳይነሣ፣ ጡሩንባው ዳግመኛ ጮኸ።